በጥበት ያደገ ቡድን፦ የሙምባይ ክሪኬት

ከ1958 እስከ 1973 በዘለቁ 15 ተከታታይ የውድድር ዘመናት፣ የህንድ ክልሎች የሚፋለሙበት የክሪኬት ዋንጫ፣ ራንጂ ትሮፊ፣ ከአንድ ከተማ ወጥቶ አያውቅም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያው ዋንጫ ሰሞን የተወለደ ህንዳዊ ልጅ፣ ሌላ ቡድን ዋንጫውን ሲያነሳ ያየው ጢሙ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ነው። ከተማዋ ያኔ ቦምቤ ትባል ነበር፤ ከ1995 ወዲህ ሙምባይ ናት። ቡድኑም ስሙን ከከተማዋ ጋር ቀየረ፤ ልማዱ ግን እንደነበረ ነው። እስከ 2024 ድረስ ዋንጫውን 42 ጊዜ ወስዷል። በዋንጫ ብዛት የሚከተለው ካርናታካ ያለው 8 ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ልዩነት ሲታይ ቶሎ የሚገመተው ገንዘብ ነው። ሙምባይ የህንድ የባንክ፣ የአክሲዮን ገበያና የፊልም ከተማ ናትና ግምቱ አይገርምም። እኔ ግን የቡድኑን ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር የማገኘው እጥረትን ነው። የቦታ እጥረት፣ የጊዜ እጥረት፣ የተራ እጥረት። ቡድኑን የሠራው እሱ ይመስለኛል።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። አባቶቻችንን ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩ የህንድ መምህራን በየአውራጃው ነበሩ፤ ክሪኬታቸውን ግን ሳያወርሱን ሄዱ። ቡድኖቹ ሁለት ናቸው፣ ተጫዋቾቹ በየቡድኑ 11። አንዱ ቡድን ሲመታ ሌላው ይወረውራል። ከመቺው ጀርባ ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ተተክለዋል። ወርዋሪው ጠንካራዋን የቆዳ ኳስ መሬት ላይ አንጥሮ እነዚያን እንጨቶች ለመምታት ይሞክራል፤ መቺው በጠፍጣፋ መምቻው ይከላከላል፣ ሲመቸውም አርቆ ይመታል። አርቆ ከመታ ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጠ ይሮጣል፤ እያንዳንዷ ሩጫ አንድ ነጥብ ናት። ኳሷ መሬት ነክታ የሜዳውን ወሰን ካለፈች 4 ነጥብ፣ በአየር ካለፈች 6። እንጨቱ ከተመታበት ወይም የመታት ኳስ ሳታርፍ ከተቀለበች መቺው ይወጣል፤ ሌላ ይተካዋል። አሥር ሰው ሲወጣ ዙሩ ያበቃል።

በሦስት ሰዓት የሚያልቀው፣ ርችት የሚተኮስበትና ሙዚቃ የሚለቀቅበት ክሪኬት የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ፈርስት ክላስ የሚባለው ነባሩ ደረጃ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ዙር ይመታል፤ የራንጂ የምድብ ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል፣ ፍጻሜው አምስት። በመሀል ምሳ አለ፣ ሻይ አለ። ይህም ሁሉ ሆኖ ጨዋታው ሳያልቅ ቀኑ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚህ ላይ አንዲት ደንብ አለች፦ በጥሎ ማለፉ ጨዋታው ሳይቋጭ ከቀረ፣ በመጀመሪያው ዙር ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው ቡድን ያልፋል። ይህችን ደንብ ያዙልኝ። አንድ ቡድን ሁለት ቀን ሙሉ መትቶ 500 ነጥብ ከቆለለ፣ ተጋጣሚው ጸሐይ ላይ ቆሞ ኳስ ሲያባርር ይውልና ተስፋውም ጉልበቱም አብሮ ያልቃል። የቦምቤ መቺዎች ይህን ጥበብ ከማንም በላይ ተካኑት። ማማር አላስጨነቃቸውም፤ ዋናው አለመውጣት ነው። የከተማዋ ሰዎች ለዚህ ባሕርይ "ካዱስ" የሚል ቃል አላቸው፤ ግትር፣ ግግም ያለ፣ እጅ የማይሰጥ ማለት ነው። ሲሉትም በኩራት ነው።

ግትርነቱ ከየት መጣ? መልሱ ሜዳው ላይ ነው።

በደቡብ ሙምባይ ኦቫል፣ ክሮስና አዛድ የሚባሉ ገላጣ ሜዳዎች አሉ። እንግሊዞች ምሽጋቸውን ሲያጥሩ፣ ለመድፍ እይታ እንዲመች ከፊት ለፊቱ ባዶ ያስቀሩት መሬት ቅሪቶች ናቸው። ወደ ሰሜን፣ ዳዳር የሚባለው ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሺቫጂ ፓርክ አለ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 12 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሰው ለቆጠረች ከተማ ይህ እንደ ጠብታ ነው። በአዛድ ሜዳ ላይ ብቻ 22 የክሪኬት መጫወቻዎች ተነጥፈዋል። አንድ የክሪኬት ግጥሚያ በደንቡ ራሱን የቻለ ሰፊ ክብ ሜዳ ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ክቦቹ አንዱ በሌላው ላይ ወጥተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ጃንሜዳ ላይ የኳስ ግጥሚያዎች ጎን ለጎን ሲካሄዱ ያየ ሰው ነገሩን በግማሽ ይገምተዋል። ሌላው ግማሽ የሚጎድለው፣ አዛድ ላይ ግጥሚያዎቹ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ስለሚካሄዱ ነው። የዚህኛው ግጥሚያ ኳስ ጠባቂ ከዚያኛው ኳስ ጠባቂ ጋር ጀርባ ለጀርባ ይቆማል። ከ156 እስከ 163 ግራም የምትመዝን፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረች ኳስ ከየትኛው ግጥሚያ እንደመጣች ሳይታወቅ በጆሮ ስር ታልፋለች።

እንዲህ ባለ ቦታ የሚያድግ ልጅ ተራ የሚደርሰው በስንት ወረፋ ነው። በአንዲት ስህተት ከወጣ ቀሪውን ቀን ቁጭ ብሎ ያያል፤ ከኋላው የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። የከተማዋ መቺ መምቻውን ላለመልቀቅ የሚታገለው ከዚህ የተነሳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለዚያ ለአንድ ተራ ሲል በንጋት ከሩቅ ሰፈር ተነስቶ፣ ከቁመቱ የማይተናነስ የዕቃ ቦርሳ ተሸክሞ፣ እግር ማሳረፊያ በሌለው የከተማ ባቡር ተጋፍቶ መጥቷል።

ጥበቱ ሳያንስ ዝናብም አለ። ከ1948 ጀምሮ በዶክተር ሆርማስጂ ካንጋ ስም የሚካሄደው የካንጋ ሊግ፣ ሌላው ህንድ ዕቃውን ሰብስቦ በሚያርፍበት በክረምቱ ዝናብ መሀል የሚደረግ ውድድር ነው። መሬቱ ይጨቀያል፣ ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ኳሷ አንዴ ተስባ ትቀራለች፣ አንዴ አገጭ ስር ትነሳለች። እዚያ 30 ነጥብ ያመጣ ሰው ደረቅ ሜዳ ላይ ካስቆጠረው መቶ በላይ ይከበራል።

አሠልጣኞቹም ከዚያው አፈር የወጡ ናቸው። በሺቫጂ ፓርክ ልጆችን ያሠለጥን የነበረው ራማካንት አችሬካር ከሁሉ ይታወቃል። ሳቺን ቴንዱልካር የሚባለውን ጸጉረ ጨብራራ ልጅ በስኩተሩ ኋላ አፈናጥጦ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው እየወሰደ፣ በአንድ ቀን ብዙ ግጥሚያ ያጫውተው ነበር። አመሻሽ ላይ፣ ልጁ ሲደክመው፣ ከኋላው በተተከለው እንጨት ጫፍ ላይ የአንድ ሩፒ ሳንቲም ያስቀምጣል። ልጁን ያስወጣ ወርዋሪ ሳንቲሙን ይወስዳል፤ ማንም ካላስወጣው ሳንቲሙ የልጁ ይሆናል። ቴንዱልካር ከእነዚያ ሳንቲሞች 13ቱን አስቀምጧቸዋል፤ ካገኛቸው ሽልማቶች ሁሉ የሚወዳቸው እነሱን እንደሆነ ይናገራል። በየካቲት 1988፣ በሃሪስ ሺልድ የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ የ14 ዓመቱ ቴንዱልካርና ጓደኛው ቪኖድ ካምብሊ አዛድ ሜዳ ላይ ሳይወጡ 664 ነጥብ ቆለሉ። የአችሬካር ረዳት ከዳር ሆኖ "ይበቃል፣ ዙሩን ዝጉ" እያለ ምልክት ሲሰጥ ልጆቹ እንዳላየ ሆነው መምታታቸውን ቀጠሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ቴንዱልካር በመጀመሪያ የራንጂ ጨዋታው ጉጅራት ላይ መቶ ነጥብ አስቆጠረ። ያኔም አልወጣም።

ተጫዋቹ ከጎለመሰ በኋላ የሚያኖረው መሥሪያ ቤት ነበር። የክልል ክሪኬት እንጀራ በማያበላበት ዘመን ባንኮች፣ የባቡር ድርጅቱና እንደ ታታ ያሉ ኩባንያዎች ጥሩ ተጫዋች ይቀጥሩ ነበር፤ ታይምስ ሺልድ በሚባለው የመሥሪያ ቤቶች ውድድር ሠራተኛው እርስ በርሱ ይፋለማል። በ1971 ህንድን ዌስት ኢንዲስና እንግሊዝ ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተከታታይ ግጥሚያ ድል ያበቃው የቦምቤው አምበል አጂት ዋዴካር የባንክ ሠራተኛ ነበር።

ጨዋታው ግን ከመጀመሪያውም እንዲህ የሁሉ አልነበረም። ከእንግሊዞች በመቀጠል ክሪኬትን የያዙት ፓርሲዎች፣ ከጥንት ፋርስ የተሰደዱ የዞራስተር ተከታዮች ልጆች ናቸው፤ በ1848 በከተማዋ የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ፣ በ1886 እንግሊዝ ድረስ ሄደው ተጫወቱ። ቀጥሎ ሂንዱዎች፣ ከዚያ ሙስሊሞች ገቡ። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የየራሱን ቡድን ይዞ ከአውሮፓውያኑ ጋር ይፋለም ነበር። ከ1912 ጀምሮ ውድድሩ የአራት ቡድን፣ ከ1937 ወዲህ ክርስቲያኖቹንና ሌሎቹን ጨምሮ የአምስት ቡድን ሆነ። ሜዳው ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። ጋንዲ ስፖርት በሃይማኖት መከፈሉን በ1940 በይፋ ነቀፉ፤ ውድድሩ በ1946 ቀረ።

ከዚያ ዘመን ሰዎች አንዱን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ፓልዋንካር ባሉ "የማይነኩ" ይባሉ ከነበሩት ወገን የተወለደ ግራኝ ወርዋሪ ነው። ፑና ከተማ በሚገኘው የእንግሊዞች ክለብ ሜዳ እየጠረገና እያስተካከለ፣ ለመኮንኖቹ ልምምድ ኳስ እየወረወረ አደገ። ችሎታው ሲወራ የሂንዱ ክለብ ወሰደው፤ ሜዳ ላይ እንደ ጓደኛ፣ በሻይ ሰዓት ግን እንደ ባዕድ። ሻዩ ከክለቡ ቤት ውጭ፣ ተጠጥቶበት በሚጣል የሸክላ ኩባያ ይቀርብለት ነበር። ኋላ ቦምቤ መጣ። በ1911 የህንድ ቡድን እንግሊዝን ሲጎበኝ ከ100 በላይ መቺዎችን አስወጣ። እንዲህም ሆኖ የሂንዱዎቹ ቡድን መደበኛ አምበል ሳይሆን ጡረታ ወጣ። ያን ወንበር በ1923 ያገኘው ታናሽ ወንድሙ ቪታል ነው። ለተገፉት ወገኖች መብት የታገለው ቢ. አር. አምቤድካር በወጣትነቱ ባሉን ያደንቅ ነበር፤ በ1937 ለቦምቤ ምክር ቤት ምርጫ ግን ሁለቱ ተፎካካሪ ሆነው ቀረቡ፣ አምቤድካርም አሸነፈ።

ራንጂ ትሮፊ የተጀመረው በ1934 ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደችው ቦምቤ ነበረች። የውድድሩ ከፋፈል ግራ ያጋባል፤ ሙምባይ የምትገኝበት የማሃራሽትራ ክልል ብቻውን ሦስት ቡድን አለው፦ ሙምባይ፣ ፑናን ማዕከል ያደረገው ማሃራሽትራ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ የናግፑሩ ቪዳርባ። የሙምባይ ቡድን የሚተዳደረው በከተማዋ ክሪኬት ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር በ1970ዎቹ ከብራቦርን ስታዲየም ባለቤቶች ጋር በትኬት ድልድል ተጣልቶ፣ ከብራቦርን በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ቦታ ላይ ዋንኬዴ የተባለውን ስታዲየም እስከ መሥራት ደርሷል። በእልህ የተሠራ ሕንጻ ነው፤ በ2011 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ተካሂዶበታል።

የመቺዎቹ ዘር ሐረግ ከቪጃይ መርቻንት ይጀምራል። በሕይወት ዘመኑ የፈርስት ክላስ አማካይ ውጤቱ 71 ነጥብ ተሻግሯል፤ በዚህ የሚበልጠው አውስትራሊያዊው ብራድማን ነው። ዋዴካር፣ ቀጥሎ ደግሞ በዓለም አቀፍ የቴስት ግጥሚያ 10 ሺህ ነጥብ ለመሻገር የመጀመሪያ የሆነው ሱኒል ጋቫስካር፣ ከዚያ ቬንግሳርካር፣ ከዚያ ቴንዱልካር እያለ ይወርዳል። አሰልቺዎች ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ ራቪ ሻስትሪ በጥር 1985 ዋንኬዴ ላይ በባሮዳ አንድ ወርዋሪ ስድስት ተከታታይ ኳሶች ላይ ስድስት ጊዜ ስድስት መትቷል።

እኔን የሚስበኝ ግን ወርዋሪው ፓድማካር ሺቫልካር ነው። ከ15ቱ ተከታታይ ዋንጫዎች በመጨረሻው፣ ለፍጻሜው ቦምቤ ማድራስ ሄዳ ታሚል ናዱን ገጠመች። ሜዳው ኳስ እንዲሾርበት ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነበር፤ ባለሜዳዎቹ ድንቅ ድንቅ አሿሪ ወርዋሪዎች ነበሯቸው። ቦምቤ በመጀመሪያው ዙር 151 ብቻ አስቆጠረች። ያ ሜዳ ግን ለሺቫልካርም ይመች ነበር። በመጀመሪያው ዙር 16 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ስምንት ሰው አስወጣ፤ በሁለተኛው ዙር በ18 ነጥብ አምስት። ታሚል ናዱ 80 እና 61 ላይ ወደቀች። ይህ ሰው በፈርስት ክላስ ዘመኑ 589 መቺዎችን አስወጥቷል፤ ለህንድ ግን አንድም የቴስት ግጥሚያ አልተጫወተም። ልክ እንደሱ በግራ እጁ ኳስ የሚያሾረው ቢሻን ቤዲ በዘመኑ ቦታውን ይዞ ነበርና። ሺቫልካር በመጋቢት 2025፣ በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ለአገሩ አንዴ ተጫውተው ከጠፉ ብዙዎች በላይ ስሙ በሙምባይ ይታወቃል፤ ይገባዋልም።

የሽንፈት ታሪክም አላቸው፤ እንዲያውም ከተማዋ ከዋንጫዎቿ ብዙዎቹን ረስታ እሱን ታወራለች። ግንቦት 1991፣ ዋንኬዴ፣ ፍጻሜ። በካፒል ዴቭ የምትመራው ሃሪያና በመጀመሪያው ዙር በልጣለች፤ ጨዋታው ሳይቋጭ ቢቀር ዋንጫው የእሷ ነው። ቦምቤ ለዘመናት ሌሎችን ያነቀችባት ደንብ ዞራ ራሷን ያዘቻት። በመጨረሻው ቀን 355 ነጥብ ማሳደድ ግዴታ ሆነ። ሦስት ሰው በ34 ነጥብ ወጣ። ቴንዱልካር፣ ያኔ 18 ዓመቱ፣ 96 አስቆጥሮ ወጣ። ዲሊፕ ቬንግሳርካር ግን አለ፤ ጡንቻው ተሸማቅቆ መሮጥ ስላቃተው በስሙ ሌላ ሰው እየሮጠለት ይመታል። የመጨረሻው ተጫዋች አቤይ ኩሩቪላ ሲገባ ማንም ተስፋ አልነበረውም። ሁለቱ ነጥቡን እየለቀሙ፣ እየለቀሙ 352 አደረሱት። ሦስት ቀረ። ኩሩቪላ በሩጫ ላይ እያለ እንጨቱ ቀድሞት ተመታ። ቬንግሳርካር 139 ላይ ሳይወጣ ቀረ፤ በሺዎች ፊት አለቀሰ። ሁለት ነጥብ ናት የበለጧቸው።

ከዚያ በኋላ ዋንጫው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እንደ ድሮ ግን አይደለም። ከ2010 ወዲህ ያገኙት ሦስት ብቻ ነው። ምክንያቱን መፈለግ አያስቸግርም። ቴሌቪዥንና በሦስት ሰዓት የሚያልቀው ክሪኬት የሊግ ገንዘብ ጨዋታውን ወደ ትንንሽ ከተሞች አደረሰው፤ አሁን ራንቺም ራጅኮትም ሜዳና አሠልጣኝ አላቸው። የሙምባይ አሠልጣኞች ራሳቸው ዕውቀቱን ይዘው ወጡ። የቀድሞው የቦምቤ ተጫዋች ቻንድራካንት ፓንዲት ለቪዳርባ ሁለት ተከታታይ ዋንጫ አስገኘ፤ በ2022 ደግሞ ማድያ ፕራዴሽን ይዞ በፍጻሜው ሙምባይን ራሷን አሸነፈ። በእኔ አስተያየት ይህ ሊያስከፋ አይገባም። አንድ ከተማ 15 ዓመት ብቻዋን የምታሸንፍበት አገር፣ የቀሩት ከተሞቹ እንዳልተጫወቱ መቁጠር ነው።

ግትርነቱ ግን አልጠፋም። በ2024 ሩብ ፍጻሜ ባሮዳ ላይ፣ በሁለተኛው ዙር ዘጠኝ ሰው ከወጣ በኋላ፣ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ሆነው የገቡት ታኑሽ ኮቲያንና ቱሻር ዴሽፓንዴ እያንዳንዳቸው ከመቶ በላይ አስቆጠሩ። ሁለቱም በዋነኛነት ለመወርወር የተያዙ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች በአንድ ዙር ሁለቱም መቶ ሲገቡ በፈርስት ክላስ ታሪክ ገና ሁለተኛ ጊዜ ነበር። በመጋቢት፣ በፍጻሜው፣ ቪዳርባን በ169 ነጥብ በልጠው 42ኛውን ዋንጫ አነሱ። የመጨረሻውን ሰው ያስወጣው ነባሩ ዳዋል ኩልካርኒ ነው፤ ጨዋታውም የመጨረሻው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቪዳርባ በግማሽ ፍጻሜው ብድሩን መልሶ ዋንጫውን ናግፑር አስገባው።

ለንግድም ለሕክምናም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሙምባይ የምትመላለሱ ወገኖች አዛድ ሜዳን ለማየት ትኬት አያስፈልጋችሁም። ቻትራፓቲ ሺቫጂ የሚባለውን ትልቁን ባቡር ጣቢያ ከጠየቃችሁ ሜዳው ከአጠገቡ ነው። አሁን ለህንድ የሚመታው ያሻስቪ ጃይስዋል፣ ከሩቁ ኡታር ፕራዴሽ በልጅነቱ መጥቶ በድንኳን ያድር የነበረው እዚያ ነው። እሑድ ጠዋት ሂዱ፤ ሜዳውን ስታቋርጡ ግን ፊት ለፊታችሁ ያለውን ግጥሚያ ብቻ አትመልከቱ፣ ኳስ ከኋላም ትመጣለች።